መርከቡ አንድ፣ ዋጋው ብዙ፦ ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ካርድ ኮሚሽንና ስለታሰበው የክሩዝ ጉዟችን

(በዓመታዊው የምሩቃን መገናኛ፣ በከሰዓቱ የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከምሳ በኋላ ስለ ሂሳብ የሚያወራ ሰው እንደማይወደድ አውቃለሁ። እንቅልፍ የመጣበት ካለ ቡናው ከኋላ ተፈልቷል፣ ተነሥቶ መቅዳት ይቻላል። የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴያችን የሚቀጥለው መገናኛችን በመርከብ፣ ማለትም በሰባት ሌሊት የክሩዝ ሽርሽር፣ ይሁን የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ማታ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ወጪውን አንድ ሰው ዘርዘር አድርጎ ያስረዳን ተባለ፤ በሂሳብ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ዕጣው ለእኔ ደረሰ። እንሂድ ወይም እንቅር ልል አልመጣሁም። ያ የእናንተ ድምፅ ነው። የመጣሁት በተበተነው ወረቀት ላይ የተጻፈው ዋጋ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ዋጋ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። እንደ ወንድም እንፋቀር፣ እንደ ባዳ እንተሳሰብ ይባል የለ? እንግዲህ ለሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት እንደ ባዳ እንተሳሰብ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ለአንድ ሰው 1,000 ዶላር ነው። ይህ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ሲያድር ነው። ብቻውን ማደር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ያህል ይከፍላል፤ ይህን ከወዲሁ ያዙልኝ። በዚያ ላይ የወደብ ክፍያና ታክስ አለ፤ ለስሌታችን 150 ዶላር እንበል። ለሠራተኞቹ የሚከፈል ጉርሻ አለ፤ በአሜሪካ ኩባንያዎች ዘንድ በአሁኑ ጊዜ በቀን ለአንድ ሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው፣ እኛ 18 ብለን በሰባት ቀን ብናባዛው 126 ይሆናል። ለመጠጥ፣ ለኢንተርኔት፣ ወደብ ላይ ወርዶ ለመጎብኘት 300 ዶላር ብንይዝ በጠቅላላው 1,576 ዶላር ላይ እንደርሳለን። የአውሮፕላኑ ለብቻው ነው። ይህን 1,576 የሚለውን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት፤ እስከ መጨረሻው ከእኛ ጋር ይጓዛል።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ 1,576 ዶላር ስንት ነው? ሜሪላንድ ለሚኖረው 1,576 ነው። ቶሮንቶ፣ ለንደን፣ ስቶክሆልም፣ ዱባይና አዲስ አበባ ለሚኖሩት ግን መልሱ ሦስት ነገሮች ላይ ይንጠለጠላል፦ በዕለቱ ምንዛሪ፣ በካርዳቸው ኮሚሽንና መርከቡ ራሱ በሚሠራው የምንዛሪ ሥራ ላይ። አንድ በአንድ እንያቸው።

በመጀመሪያ ምንዛሪው። መርከብ ላይ ስትሳፈሩ የምትረግጡት የማንንም አገር መሬት አይደለም፣ ነገር ግን እያንዳንዱ መርከብ የራሱ ገንዘብ አለው። የአሜሪካ ኩባንያዎች መርከቦች በአመዛኙ የትም ይሂዱ የትም የሚሠሩት በዶላር ነው። ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በፓውንድ ይሠራል። እንደ ኮስታና ኤም ኤስ ሲ ያሉት ደግሞ ሜዲትራኒያን ላይ በዩሮ፣ ካሪቢያን ላይ በዶላር ያስከፍላሉ። ስለዚህ ኮሚቴው ከማያሚ ይነሣ ወይስ ከባርሴሎና ብሎ ሲመርጥ ስለ ባሕሩ ብቻ እየመረጠ አይደለም። የምንዛሪውን ሸክም ማን ይሸከመው የሚለውንም አብሮ እየመረጠ ነው።

ሸክሙ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የካናዳ ወገኖቻችን በደንብ ያስታውሱታል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የካናዳ ዶላር ከአሜሪካው ጋር እኩል ሆኖ፣ አንዳንድ ወራት እንዲያውም በልጦ ነበር። ያኔ የእኛ 1,576 ለቶሮንቶ ሰው 1,576 አካባቢ ነበር ማለት ነው። በጥር 2016 ግን አንድ የአሜሪካ ዶላር ለመግዛት 1.45 አካባቢ የካናዳ ዶላር ይጠይቅ ነበር። ያው ጉዞ 2,285 ሆነ። መርከቡ ያው፣ ራቱ ያው፣ ክፍሉ ያው ነው። የእንግሊዞቹን እንይ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 2016 እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ አትውጣ የሚለው ድምፅ በተሰጠበት ምሽት አንድ ፓውንድ 1.50 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ሲነጋ ከ1.35 በታች ወርዶ ታየ። ከመተኛቱ በፊት የከፈለ 1,051 ፓውንድ ይበቃው ነበር፤ ጠዋት ለመክፈል ያሰበ 1,167 ፓውንድ ጠበቀው። አንድ ሌሊት 116 ፓውንድ!

ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ፤ ልክ ናችሁ። የኤምሬትስ ዲርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725፣ የሳዑዲው ሪያል በ3.75 ተቆራኝቶ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። ለእናንተ የዶላር ጉዞ የምንዛሪ ስጋት የለውም። የካርድ ኮሚሽኑ ግን አይቀርላችሁም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ምንዛሪው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀኑ። የክሩዝ ክፍያ በአንድ ቀን አያልቅም። መጀመሪያ ቀብድ ይከፈላል። ቀሪው ብዙ ጊዜ ከጉዞው 75 ወይም 90 ቀን አስቀድሞ ይጠናቀቃል። በመርከቡ ላይ የበላነው የጠጣነው ደግሞ በመጨረሻው ሌሊት ይዘጋል። ሦስት ቀን፣ ሦስት ምንዛሪ። ከዚህም የሚከፋው ተመላሽ ገንዘብ ነው። ጉዞ ሰርዛችሁ 1,000 ዶላራችሁ ቢመለስ የሚመለሰው 1,000 ዶላር ነው፤ በስንት የካናዳ ዶላር ወይም ክሮና እንደገዛችሁት ማንም አይጠይቅም። ምንዛሪው በመካከሉ ከተለወጠ ከከፈላችሁት በላይ ልታገኙም፣ በታች ልታገኙም ትችላላችሁ። ባንኩ በላዩ ላይ የወሰደውን ኮሚሽን ደግሞ ላይመልስ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ካርዱ ነው። ካርዳችሁን ስትሰጡ ከጀርባው ቢያንስ ሦስት እጅ አለ። አንዱ እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያለው መረብ ነው፤ የዕለቱን ምንዛሪ የሚያወጣው እርሱ ነው፣ ተመኑም ብዙ ጊዜ ባንኮች እርስ በርስ ከሚገበያዩበት ብዙ አይርቅም። ሁለተኛው ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ ነው፤ ‘የውጭ ግብይት ክፍያ’ ብሎ በላዩ ላይ የሚጨምረው እርሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ካርዶች 3 ከመቶ አካባቢ፣ ካናዳ ውስጥ በተለምዶ 2.5 ከመቶ፣ እንግሊዝም 3 ከመቶ አካባቢ ይጨምራሉ። በሦስቱም አገር ይህን ክፍያ ጨርሶ የማይወስዱ ካርዶች አሉ። ሦስተኛው ገንዘቡን የሚቀበለው ነጋዴ ነው፣ እርሱን ለብቻው አነሣዋለሁ።

የአሜሪካ ነዋሪዎች ‘እኛማ በዶላር ነው የምንከፍል፣ ምን አገባን’ እንዳትሉ። ብዙ የአሜሪካ ባንኮች ክፍያውን የሚያስከፍሉት ገንዘቡ ስለተለወጠ ብቻ አይደለም፤ ነጋዴው ሂሳቡን ከአሜሪካ ውጭ በሚገኝ ባንክ በኩል ካካሄደውም ያስከፍላሉ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አውሮፓ የሆነ ኩባንያ ዋጋውን በዶላር ጽፎ፣ ክፍያውን ግን በአውሮፓ በኩል ሊያካሂደው ይችላል። ስቴትመንታችሁ ላይ አንድ ሺህ ዶላር፣ ከሥሩ ደግሞ ሠላሳ ዶላር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ለኩባንያው ‘ክፍያው የሚካሄደው በየት አገር ነው?’ ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም። ሠላሳ ዶላር ሁለት ኪሎ የሐበሻ ቅቤ ባይገዛም ለአንዱ ይጠጋል።

የጉዞ ወኪል በኩል የምትከፍሉ ደግሞ በካርድ ለመክፈል ተጨማሪ ይጠየቅ እንደሆነ አረጋግጡ። በእንግሊዝ ከጥር 2018 ወዲህ ነጋዴ በግል ካርድ ስለተከፈለው ብቻ ጭማሪ መጠየቅ ተከልክሏል፤ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥም ለተለመዱት የግል ካርዶች እንዲሁ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ግን ይፈቀዳል። በካናዳም ከጥቅምት 2022 ጀምሮ፣ ከኩቤክ በቀር፣ ተፈቅዷል። አንድ አገር ያለ አባል ‘እኔን አላስከፈሉኝም’ ስላለ ሌላው አይከፍልም ማለት አይደለም።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያየው ነገር ይህ ነው። ኮዙሜል ወደብ ወርዳችሁ ከአንድ ሱቅ ቆንጆ ነገር ገዛችሁ እንበል። ሻጩ የካርድ ማሽኑን ይሰጣችኋል። ማሽኑ ይጠይቃል፦ በፔሶ ልክፈል ወይስ በዶላር? ለንደን ለመጣው ሰው በፓውንድ፣ ለቶሮንቶው በካናዳ ዶላር ይላል። በለመዱት ገንዘብ ማየት ደስ ይላል፤ እጅ ሳያስበው የራሱን ገንዘብ ይጫናል። በዚያች ቅጽበት ምንዛሪውን የሚያወጣው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ መሆኑ ቀርቶ ነጋዴውና የእርሱ ባንክ ይሆናሉ ማለት ነው። እነርሱ ደግሞ የድካማቸውን በላዩ ይጨምራሉ። ጭማሪው ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ለስሌታችን 5 ከመቶ እንውሰድ። ይህ አልበቃ ብሎ፣ ነጋዴው የውጭ ስለሆነ አንዳንድ ባንኮች የራሳቸውን ክፍያ በዚያው ላይ ይወስዳሉ። አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ኮሚሽን ከፈላችሁበት ማለት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን አይቶ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ደንብ አውጥቷል፤ በኅብረቱ ገንዘቦች መካከል እንዲህ ያለ የምንዛሪ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው፣ የእርሱ ተመን ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን በስንት ከመቶ እንደሚበልጥ ከክፍያው በፊት መግለጽ አለበት። ጥሩ ደንብ ነው፤ ሆኖም የሚጠቅመው ለሚያነብ ሰው ነው፣ የሚሠራውም እዚያው ነው። ካሪቢያን ላይ አይከተላችሁም። የምትይዙት ደንብ አንድ መስመር ነው፦ ማሽኑ ሲጠይቅ ሁልጊዜ የቦታውን ገንዘብ ምረጡ። ሜክሲኮ ላይ ፔሶ፣ ባርሴሎና ላይ ዩሮ፣ በአሜሪካ መርከብ ላይ ዶላር። ይህን ስታደርጉ የውጭ ግብይት ክፍያ የሌለው ካርድ በእጃችሁ ካለ ሁለቱንም ወጥመድ አለፋችሁ።

መርከቡ ላይ ይህ ጥያቄ በየቀኑ አይመጣም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስትሳፈሩ ይመጣል፣ ወይም ጭራሽ ሳትጠየቁ ያልፋል። በመርከብ ላይ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ቀን ካርዳችሁ ይመዘገባል፣ ከዚያ በክፍላችሁ ቁልፍ ካርድ ትፈርማላችሁ። በአንዳንድ መርከቦች የውጭ ባንክ ካርድ ሲመዘገብ ሂሳቡ በካርዱ አገር ገንዘብ እንዲወጣ አስቀድሞ ተመርጦ ይቆያል፤ አልፈልግም የሚል ሰው እንግዳ መቀበያው ዘንድ ሄዶ ማስቀየር አለበት። ከእንግሊዝ የመጣችሁ፣ ከካናዳ የመጣችሁ፣ ሻንጣችሁን ከማውረዳችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። በመጨረሻው ሌሊት ከበሩ ሥር በሚገባው ወረቀት ላይ ማየት ዘግይቶ ማየት ነው።

ሌላው የገንዘብ መያዝ ጉዳይ ነው። መርከቡ ካርዳችሁን ሲመዘግብ፣ ከዚያም ወጪያችሁ በጨመረ ቁጥር፣ የተወሰነ ገንዘብ ያስይዛል። ክሬዲት ካርድ ከሆነ የተያዘው ከብድር ጣሪያችሁ ላይ ነው፣ ብዙም አይሰማችሁም። ዴቢት ካርድ ከሆነ ግን የተያዘው ከራሳችሁ የባንክ ሂሳብ ላይ ነው። ቤት ኪራይ በዚያው ሳምንት የሚወጣ ከሆነ፣ ያላወጣችሁት ገንዘብ ተይዞ የቤት ኪራዩ ሊመለስ ይችላል። መያዣው ከጉዞው በኋላ እስኪለቀቅ ደግሞ ቀናት ይፈጃል። አንድ አባላችን በሌላ ጉዞ ይህ ደርሶበት መርከቡ ላይ ገንዘብ እያለው ገንዘብ የሌለው ሰው ሆኖ እንደነበር አጫውቶኛል። ዴቢት ብቻ ያለው ሰው ጥሬ ገንዘብ አስቀምጦ ሂሳብ መክፈት ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

እስቲ አሁን ቁጥሩን እንደምረው። ለቶሮንቶው ጓደኛችን በ1.40 ብናሰላ 1,576 ዶላር 2,206 የካናዳ ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። ባንኩ 2.5 ከመቶ ሲጨምር 55 ዶላር ከ16 ሳንቲም፤ በጠቅላላው 2,261 ከ56። ጉርሻውንና የመርከቡን ወጪ፣ ማለትም 426ቱን ዶላር፣ መርከቡ በ5 ከመቶ ጭማሪ በካናዳ ዶላር ቢያወጣበት ወደ 30 ዶላር ገደማ በዚያ ይሄዳል፤ ባንኩም የራሱን ካልተወ 85 ዶላር ላይ ደረሰ። ለዱባይ እህታችን በምንዛሪ የሚጠፋ ነገር የለም፤ ነገር ግን ካርዷ 3 ከመቶ የሚወስድ ከሆነ ከ5,788 ዲርሃም ላይ 174 ዲርሃም ትከፍላለች። ለሜሪላንዱ ጎረቤታችን፣ ክፍያው በአሜሪካ በኩል እስከተካሄደ ድረስ፣ ዜሮ። ታዲያ ትልቁ ልዩነት የቱ ጋ ነው? ኮሚሽኑ ካርድ በመቀየርና አንድ ቁልፍ በትክክል በመጫን ሊቀር ይችላል። ምንዛሪውን ግን ማንም አያስቀረውም። በእጃችን ያለው የሚቀረውን ማስቀረት፣ የማይቀረውን ደግሞ መከፋፈል ነው።

መከፋፈል ስል ወደ አዲስ አበባ ልመጣ ነው። ከፊት ወንበር የተቀመጡት መምህራኖቻችን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስለ እነርሱ እነርሱ ባሉበት ማውራት ከኋላ ከማውራት ይሻላል።

ከእኛ መካከል በደርግ ዘመን ካምፓስ የነበሩ ሰዎች አንድ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም እንደነበር ያስታውሳሉ። በዚያ ተመን የእኛ 1,576 ዶላር 3,262 ብር ነበር። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ዶላሩ 5 ብር ሲሆን 7,880 ብር ሆነ። ከዚያ በየዓመቱ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን ዘሎ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 57 ብር ከግማሽ ገደማ ላይ ደረሰ፤ 90,620 ብር። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ባንኮች በዚያው ቀን ከ70 ብር በላይ አወጡት፣ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። በ130 ብር ብናሰላው የዛሬው ወረቀት 204,880 ብር ነው። ቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ማደሪያ ሳይጨመር። ‘ድሮም እኮ ከባንክ ውጭ ያለው ዋጋ እጥፍ ነበር’ የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን መምህር የሚከፈለው በብር ነው፤ ደመወዝ ደግሞ እንደ ምንዛሪ በሳምንት እጥፍ አይሆንም።

እኛ በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲው መምህራንን እንጋብዛለን። እስካሁን የለመድነው ‘ትኬቱን እንሸፍናለን፣ ለማደሪያ ደግሞ ቤታችን አለ’ ነው። ይህ ጥሩ ሐበሻዊ ልማድ ነው፣ ግን ለየብስ የተሠራ ልማድ ነው። መርከብ ላይ የእኔ ቤት የለም፣ ያንተ ቤት የለም። ሁሉም የሚመዘገበው በካርድ ነው። ጉርሻው በየቀኑ በራሱ ሂሳቡ ላይ ይጻፋል። አንድ ፕሮፌሰር፣ ግማሾቻችንን ያስተማሩ ሰው፣ እንግዳ መቀበያው ፊት ቆመው ‘ይህ ካርድ አልሠራም፣ ሌላ አለዎት?’ ሲባሉ ማየት አልፈልግም። እናንተም አትፈልጉም። ‘አይዞዎት፣ እኔ እከፍላለሁ’ ብለን ብንሮጥስ? እንሮጣለን፤ ግን እንግዳን በሰው ፊት ከፍሎ ማዳን እንግዳን ማክበር አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ የሚጠይቀው አስቀድሞ ማሰብ ብቻ ነው። የመርከብ ኩባንያዎች ጉርሻን ከጉዞው በፊት ለመክፈል ይፈቅዳሉ። በአንድ ክፍል ሂሳብ ላይም ለመርከቡ ወጪ የሚሆን ገንዘብ በስጦታ መልክ ማስቀመጥ ይቻላል። ማኅበሩ የተጋባዦቹን ጉርሻና የተወሰነ ወጪ ከዚህ ከፍሎ ካስቀመጠ፣ እንግዳው ቁልፉን ይዞ ከመግባት በቀር ምንም አይጠየቅም። ካርድም አያወጣም፣ ብርም አይመነዝርም። ‘እናንተ ክፈሉ፣ ኋላ በብር እንመልሳለን’ የሚለውን ግን እንተወው። በከፈሉበት ቀንና በምንመልስበት ቀን መካከል ብሩ የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም።

ገንዘብ ሳይሆን ወረቀት የሚያግዳቸውንም አስቡ። ከማያሚ ተነሥቶ ባሃማስ ደርሶ የሚመለስ መርከብ ከአሜሪካ ወጥቶ እንደገና የሚገባ መርከብ ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልገዋል። እዚህ ሆኖ የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀለት አባል ደግሞ ጠበቃውን ሳያማክር ትኬት እንዳይቆርጥ። የእርሱ ኪሳራ በዶላር አይቆጠርም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ስለ አሰባሰቡ። ኮሚሽን ላለመክፈል ብለን ሁላችንም ለገንዘብ ያዡ በዜል እንላክና እርሱ በአንድ ላይ ይክፈል የሚል ሐሳብ ሰምቻለሁ። ከዕቁብ ጋር ላደገ ሰው የሚመች ሐሳብ ነው። ገንዘብ ያዣችንን እንደ ወንድሜ አምነዋለሁ፤ ጥያቄው የእርሱ ታማኝነት አይደለም። መጋቢት 2020 ላይ መርከቦች በኮሮና ምክንያት በዓለም ዙሪያ ሲቆሙ በካርድ የከፈለ ሰው ቢያንስ ከኩባንያው ሌላ የሚሄድበት በር ነበረው፤ ካርዱን የሰጠው ባንክ። የአሜሪካ ሕግ በክሬዲት ካርድ የተከፈለበት አገልግሎት ሳይሰጥ ሲቀር መከራከር ይፈቅዳል። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ለሆነ ነገር የካርዱን ባንክ ከሻጩ ጋር ተጠያቂ ያደርጋል። በዜል ለሰው የላካችሁት ገንዘብ ግን ለሰው ተልኳል፤ ባንካችሁ ስለ መርከቡ አያውቅም። 3 ከመቶ ለመቆጠብ ብላችሁ መቶ ከመቶውን ያለ ጥበቃ አትተዉት።

እንግዲህ ኮሚቴው ሐሳቡን ለድምፅ ሲያቀርብ አምስት ነጥቦች አብረው ይጻፉ እላለሁ።

አንደኛ፣ ዋጋው ጉርሻውንና ታክሱን ጨምሮ ሙሉውን ይነገር፤ በመርከቡ ገንዘብና አባላት በብዛት በሚኖሩባቸው አገሮች ገንዘብ፣ ምንዛሪው ከተወሰደበት ቀን ጋር።

ሁለተኛ፣ የቀብዱና የመጨረሻው ክፍያ ቀን ከአሁኑ ይታወቅ። በዩሮ ወይም በክሮና የሚያስብ አባል መቼ መመንዘር እንዳለበት ራሱ ይወስን።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ አባል በቡድኑ ስም ተመዝግቦ ለኩባንያው ራሱ በካርዱ ይክፈል። በማኅበሩ በኩል የሚያልፈው የተጋባዦች ገንዘብ ብቻ ይሁን።

አራተኛ፣ ለተጋባዥ መምህራን ሙሉው ወጪ፣ እስከ ጉርሻው ድረስ፣ ከጉዞው በፊት በዶላር ተከፍሎ ይጠናቀቅ። ይህን ለመሸፈን ምንዛሪው የማይነካን፣ ማለትም አሜሪካ ያለን፣ በነፍስ ወከፍ 50 ዶላር ብናዋጣ የቶሮንቶው ወንድማችን ለባንኩና ለመርከቡ በድምሩ ሊከፍል ከሚችለው ኮሚሽን ያነሰ ነው። እርሱ ያን ያህል ከከፈለ በኋላ ሌላ መዋጮ ልንጠይቀው አይገባም።

አምስተኛ፣ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት በነበረው ቀን የብስ ላይ ሙሉ ቀን መገናኛ ይኑር። ጠቅላላ ጉባኤው፣ የስኮላርሺፕ ፈንዱ ሪፖርት፣ የሞቱ ጓደኞቻችን መታሰቢያ በዚያ ቀን ይሁን። መሳፈር ያልቻለ አባል ከሽርሽሩ ቢቀር ከማኅበሩ አይቅር።

ጥያቄ ያላችሁ ከቡናው በኋላ አለሁ። ካርዳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቁጥሩን ማየት አልፈልግም፣ የባንኩን ስም ብቻ ንገሩኝና የውጭ ግብይት ክፍያ ይወስድ እንደሆነ አብረን እናያለን።